ለልጄ የምፈልገው መጽሐፍ

ፒያሳ ወርጄ ለልጄ የእንስሳት መጽሐፍ ስፈልግ የማገኘው ፔንግዊንና የዋልታ ድብ ነው። እነሱንም ትወቅ፣ ደስ ይለኛል። ግን ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ደባርቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜን ተራሮች። እዚያ የሚኖሩት ጭላዳ ዝንጀሮም ዋልያም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም!

የምመኘው መጽሐፍ ጭላዳን በቅርብ ያሳያል። ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ፣ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቆዳ፣ ሲመሽ ገደል ወርዶ ሲያድር። ልጅ «ለምን ገደል ላይ ይተኛል?» ማለቷ አይቀርም። መልሱ እዚያው ገጽ ላይ ይኑር፦ ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት ነው። ሥዕሉም የተራራው ተክል ጅባራ ሳይቀር በደንብ ይሳል። በአማርኛ የሚያዘጋጅ ካለ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።