የ80 ቀን ሕፃን ዳግም ተወለደች ሲባል

«ምንም የማታውቅ ሕፃን እንዴት ነው ዳግም የምትወለደው?» ብላ ጠየቀችኝ ጓደኛዬ። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ጌታን የተቀበለችበትን ቀን እስከ ሰዓቱ ታስታውሰዋለች። እኔ ደግሞ ደሴ መድኃኔዓለም የጎረቤታችንን ልጅ ክርስትና ያነሣሁ ሰሞን ነበር። ጥያቄዋ ከልቧ ስለሆነ ከልቤ ልመልስላት።

በእኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ያን ቀን ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ልጅቷን ታቅፌ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞርኩና በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ደግሞ እምነቴን መሰከርኩ። ቄሱ ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ነከሯት። ጮኸች፣ ያውም እንዴት ያለ ጩኸት! ማተቧ ታሰረ፣ ሜሮን ተቀባች፣ ቆረበች፣ ከዚያ ነጠላዬ ውስጥ ጥቅልል ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። (ድግሱ ላይ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ታርዶ ነበር፤ ወሎ አይደል።)

ስንወለድ ማናችንም ፈቃዳችንን አልተጠየቅንም። እናታችን አምጣ ወለደችን እንጂ እኛ ያገዝናት ነገር የለም። የመንፈስ ልደትም እንዲሁ ከስጦታ ይጀምራል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ እግዚአብሔር ያዳነን በሠራነው ጽድቅ ሳይሆን በምሕረቱ፣ ለአዲስ ልደት በሚሆነው መታጠብ ነው ይላል። ሕፃኗ ምንም አለማወቋ እኔን የማያስጨንቀኝ ለዚህ ነው።

ሰው ራሱ አውቆ ማመን አለበት የሚለው የጓደኛዬም ሐሳብ ግን ትልቅ እውነት አለው። ተወልዶ ጡት ያጣ ልጅ አያድግም። ማተብ አንገት ላይ፣ ቂም ሆድ ውስጥ ይዞ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ሞልቷል።

ኒቆዲሞስን የምወደውም በዚህ ነው። የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ ይጠራል። ፈሪሳዊ ነው፣ የአይሁድ አለቃ ነው፣ ሕግ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሆኖም ጌታ ዘንድ የመጣው በሌሊት ነው። ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ይወለዳል፣ ተመልሶ እናቱ ማሕፀን ሊገባ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጌታም ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ሰው ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም አለው። ያን ሌሊት አመነ? ወንጌሉን የጻፈው ዮሐንስ አይነግረንም። ምዕራፍ 7 ላይ ግን እዚያው አለቆቹ መሐል ቆሞ ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳል ወይ ሲል እናገኘዋለን፤ እነሱም አንተም ከገሊላ ነህ እንዴ ብለው ዘለፉት። ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ፣ ጴጥሮስ እንኳ አላውቀውም ብሎ በካደበት ሰሞን፣ ይኸው ሰው መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ ጌታን ሊገንዝ መጣ። ለእኔ ዳግም መወለድ ማለት ያ በጨለማ የመጣው ሰው እዚህ እስኪደርስ የሄደው መንገድ ሁሉ ነው።

የእኔም ሥራ ገና መጀመሩ ነው። የክርስትና እናትነት የጥምቀቱን ልብስ ገዝቶ ድግስ በልቶ የሚያልቅ አይደለም። ልጅቷ አፏን ስትፈታ አባታችን ሆይን አስለምዳታለሁ፤ ከፍ ስትል ያን ማለዳ በእሷ ፈንታ ምን እንደካድኩና ምን እንዳመንኩ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ «አምናለሁ» የምትለው ራሷ ናት፤ ያንን እኔ ልልላት አልችልም።