ከራሱ ጋር ያወዳደርኩት ኮድ

የወር ሽያጭ ሪፖርት የሚያወጣው ገጻችን ይንቀራፈፍ ነበር። እዚያ ውስጥ ቀኑን ከፈረንጆቹ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አለ። በየመስመሩ ስለሚጠራ ጥፋተኛው እሱ ነው ብዬ ፈረድኩበት። ሁለት ቀን ተቀምጬ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ኮድ የሚፈጀውን ጊዜ በሚለካው የፓይተን መሣሪያ፣ በታይምኢት፣ ስለካው ሦስት እጥፍ ፈጥኗል። ገጹን በሙሉ ስለካውም ፈጥኗል። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ለባልደረባዬ ላሳየው ስደግመው ቁጥሩ ወደ ድሮው ተመለሰ። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ የድሮውን ኮድ የለካሁት መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ነው፤ አዲሱን ደግሞ መብራት መጥቶ ቻርጀር ከሰካሁ በኋላ። በማግስቱ መብራት አልነበረም። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ የሲፒዩውን ፍጥነት ይቀንሳል። እኔ የለካሁት ኮዴን ሳይሆን መብራቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። አንዲት ፊደል ሳልነካ ያንኑ ኮድ ከራሱ ጋር አወዳደርኩት። ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ ብራውዘሩ ተዘግቷል። ያም ሆኖ አንዱ ዙር ከሌላው እስከ 8 በመቶ ይለያይ ነበር። እንግዲህ «5 በመቶ አሻሻልኩ» ብል በምን አውቄ? አሁን አሮጌውንና አዲሱን እያፈራረቅኩ ሃያ ሃያ ጊዜ አስኬዳለሁ። አማካዩን አልወስድም፤ አንድ የዘገየ ዙር ይጎትተዋል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሬ መሀለኛውን አያለሁ።

በመጨረሻ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ጊዜውን የሚበላው የትኛው የኮድ ክፍል እንደሆነ የሚያሳየውን ሲፕሮፋይልን አስነሳሁ። ቀን መቀየሪያው ከገጹ ጊዜ የሚወስደው 4 በመቶ ብቻ ነው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳው ነጥብ ይኸው ነው፤ ያን ፋንክሽን ጭራሽ ባጠፋው እንኳ ከገጹ ጊዜ የምቀንሰው ከ4 በመቶ አያልፍም። ጊዜውን የሚበላው ዳታቤዙ ነበር። ለ300 ትዕዛዞች የደንበኛውን ስም አንድ በአንድ እየሄደ ይጠይቃል፤ ትዕዛዞቹን ከሚያመጣው አንዱ ጋር 301 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ማለት ነው። ገጹ በተሠራበት በጃንጎ ውስጥ ተያያዥ መረጃን አብሮ የሚያመጣ ሰሌክት ሪሌትድ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በእሱ ወደ አንድ አወረድኩት። ስለካው ከሃያዎቹ አዳዲስ ዙሮች በጣም የዘገየው ከድሮዎቹ በጣም ፈጣኑን ቀደመው።

የደከምኩበትን ቀን መቀየሪያ ግን አውጥቼ የድሮውን መለስኩት። ከድሮው ጋር ሳፈራርቀው በገጹ ላይ ልዩነቱ አልታይ አለ። ጳጉሜን የሚያሰላው ክፍል ደግሞ በድሮው ኮድ ላይ ይበልጥ ይነበባል።