ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ሠራተኞች
ዛሬ የአንድ አነስተኛ የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ሠራተኞች ሥራቸውን ሲያከናውኑ የመመልከት ዕድል አግኝቼ ነበር። ለእይታ የሚቀርበው ከስብስቡ ጥቂቱ ብቻ በመሆኑ፣ አብዛኛው ድካማቸው ጎብኚ በማይደርስበት ማከማቻ ክፍል ውስጥ ያልፋል። አንድ ቅርስ ሲገባ ከማን እንደመጣ፣ እንዴት እንደተገኘና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በመዝገብ ይሰፍራል፤ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል፤ ይህ መረጃ ከጠፋ፣ ዕቃው ቢተርፍም ታሪኩ አይተርፍም። አሮጌ ፎቶግራፍና ጨርቅ በብርሃን ስለሚደበዝዙ፣ የክፍሉን ብርሃን፣ ሉክስ በተባለው የብርሃን መለኪያ፣ ወደ 50 ዝቅ ያደርጉታል (ጎብኚው ግን መብራት የቆጠቡ ይመስለዋል)። ከሁሉም ያስደነቀኝ ስጦታን አልቀበልም የማለት ድፍረታቸው ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ወይም ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር አይቀበሉም። ይህንንም ሰጪውን ሳያስቀይሙ ማስረዳት፣ በእኔ ግምት፣ ከምዝገባውም ከጥበቃውም የከበደ ሥራ ነው።