ጨዉ ነው ወይስ ሽፈራው?

ዛሬ አራት ኪሎ ማስተርሷን የምትሠራ ጓደኛዬ ቤተ ሙከራ ጎራ አልኩ። ከሽፈራው (ሞሪንጋ ከሚባለው ዛፍ) ፍሬ ፕሮቲን እያጣራች ነው። ፍሬውን ፈጭታ፣ ዘይቱን አስወግዳ፣ ፕሮቲኑን አሞኒየም ሰልፌት በሚባል ጨው አዝቅጣ፣ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ በትንሽ ክብ ወረቀት አስቀምጣዋለች። በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያው ድርሽ ያላለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል።

"በቃ ገደለው!" አልኳት።

"ኧረ ቆይ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" ብላ ከጎኗ ያለችውን ወረቀት አሳየችኝ። እሷ ላይ ጨዉ ብቻ ነው ያለው፣ ፕሮቲን የሚባል የለም። ጠበብ ያለች ብትሆንም ቀለበት ግን አላት!

ስለዚህ ጨዉ መውጣት አለበት። ፕሮቲኑን ቀዳዳው እጅግ ደቃቅ የሆነ ከረጢት ውስጥ ከታ ቀዝቃዛ ቦታ ታሳድረዋለች፤ ጨዉ ሾልኮ ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ትልቅ ስለሆነ ይቀራል። ዳያሊሲስ ነው፣ አዎ፣ እንደ ኩላሊት ሕመምተኛ። ከዚያ እንደገና ትሞክረዋለች።

የሽፈራው ፍሬ ፕሮቲን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ የሆነው የባክቴሪያ ሽፋን ላይ ተለጥፎ እንደሚጎዳው ከዚህ በፊትም ተጠንቷል፤ ድፍርስ ውኃ የሚያጠራውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እሷ ግን ይህን እያወቀች የራሷን ቀለበት አላመነችም። ደስ አለችኝ።

ወደ ፒያሳ ሳዘግም አንዱ የሽፈራው ዱቄት "ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለሁሉም!" እያለ ይሸጣል። ያውም ቅጠሉን እንጂ ፍሬውን አይደለም። ማስረጃህ የታለ ልለው ፈልጌ ነበር፣ ገዢው ከቦት ስለነበር ተውኩት።