የአዲስ ግላሩስ እረኛ

ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ መንደሩ ገና አልነቃም ነበር። ቡሄ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በቆሎው ከመኪናዬ ጣሪያ በላይ ሆኗል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ነዳሁ። የፍግ ሽታ ገባ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ይኼ ሽታ ራሴን ያዞረኝ ነበር። አሁን አያቴ ጓሮ ይወስደኛል፤ ኩበት ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ወደሚደርቅበት።

ቤት ገብቼ መተኛት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ልጄ ትናንት ማታ የጠየቀኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። ስለዚህ ቡናዬን አፍልቼ ልጽፍ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደሩ ሰዎች በየዓመቱ በሴፕቴምበር መግቢያ ገደማ ሜዳ ላይ የዊልሄልም ቴልን ድራማ ያሳያሉ። በልጁ ራስ ላይ የተቀመጠውን ፖም በቀስት የመታው የስዊዘርላንድ ጀግና ታሪክ ነው። ከ1938 ጀምሮ ሲያሳዩት ኖረዋል፤ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ተዋንያኑ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ላምና ፍየል ሳይቀር ይሳተፋል። ልጄም ዘንድሮ ተመረጠ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድርሻው ፍየል መንዳት ነው።

ደስ ብሎት ሲዘል ቆየና እንዲህ አለኝ፦ «እማዬ፣ በእናንተ ቋንቋ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ምን ይባላል?» የጠየቀኝ በእንግሊዝኛ ነው።

«እረኛ» አልኩት። «እ-ረ-ኛ» እያለ ወደ ክፍሉ ሮጠ። እኔ ግን ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። በእናንተ ቋንቋ። በእኛ አላለም።

የምንኖረው ኒው ግላሩስ ነው። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ፣ ከዋና ከተማዋ ከማዲሰን 25 ማይል ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ። ስሙ አዲስ ግላሩስ ማለት ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት፤ «አዲስ» የሚለው ነገር ስሰማ ገና ልቤ ቀረብ አለው። በ2020 ቆጠራ 2,266 ሰው ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ከዚህ የሚበልጥ ሰው ይይዛል።

እንዲህ ትንሽ ሆኖ ግን የራሱ መንግሥት አለው። ፕሬዚዳንትና የቦርድ አባላት በኤፕሪል ይመረጣሉ። በዙሪያው ያሉት እርሻዎች ደግሞ ሌላ አስተዳደር አላቸው፤ የእሱም ስም ኒው ግላሩስ ነው። ይኼን እስክረዳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቤተ መጻሕፍት አለ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ዓርብ ማታ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፤ ይኼ የዊስኮንሲን ሰው ሁሉ ልማድ ነው፣ እኛም ለመድነው። በኖቬምበር የአጋዘን አደን ሲከፈት መንገዱ ሁሉ ብርቱካናማ ልብስ በለበሰ ሰው ይሞላል።

ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ቤቶች ተራራ ላይ ያሉ የስዊዘርላንድ ቤቶች ይመስላሉ። የእንጨት በረንዳ፣ አበባ የሞላ መስኮት፣ ባንዲራ። መጀመሪያ ሳያቸው የድሮ መስለውኝ ነበር። ብዙዎቹ ግን ያን መልክ የያዙት ኋላ ነው። በ1960ዎቹ የወተት ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ እንግዳ ይጠራበት ዘንድ ፊቱን የአያቶቹን አገር አስመሰለ። ይኼን ስሰማ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ሰዎቹን አከበርኳቸው። ሥራ ሲጠፋ ቀና ብለው ያዩት ወደ ዘራቸው ነው።

የአመጣጣቸውን ታሪክ ግን ሳስበው ሁሌም ሆዴ ይላወሳል። ግላሩስ የስዊዘርላንድ ተራራማ ክፍለ ግዛት ናት። በ1840ዎቹ የእጅ ሽመናው ሥራ በፋብሪካ ተበላ። ሰብሉ ተበላሸ። መሬቱ ሰውን አልችል አለ። ከዚያ የስደት ማኅበር ተቋቋመ። ሁለት ሰዎች አስቀድመው ሄደው መሬት እንዲፈልጉ ተላኩ። እኛስ እንዲህ አይደል የምናደርገው? መጀመሪያ አንድ ሰው ይሄዳል። ቤት ይይዛል፣ ሥራ ያያል። ከዚያ ሌላው ይከተላል።

በኤፕሪል 1845 ተነሥተው ሲወጡ 193 ነበሩ። በራይን ወንዝ፣ ከዚያ በአትላንቲክ፣ ከዚያ ደግሞ በአሜሪካ ወንዞች ተጓዙ። በኦገስት እዚህ ሲደርሱ 108 ቀርተው ነበር። የቀሩት በየመንገዱ ሞቱ፣ ወይም ተለይተው ሌላ ቦታ ቀሩ። ለያንዳንዱ ቤተሰብ 20 ኤከር መሬት በዕጣ ደረሰው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሟል። ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ አጠገቡ መኪናዬን አቆማለሁ። የጎደሉትን 85 ሰዎች አስባለሁ። በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ የጠፋ የሰፈሬን ልጅ አስባለሁ።

መሬቱም ባዶ አልነበረም። ሆ-ቸንክ የሚባለው ነባር ሕዝብ አገር ነበር። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ በተፈረሙ ውሎች ነው ያጡት። ደጋግመው ተባረዋል፣ ደጋግመውም ተመልሰዋል። ዛሬም ዊስኮንሲን ውስጥ አሉ። ስለ መንደሩ ሲወራ ከእነሱ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ስዊዞቹ መጀመሪያ ስንዴ ዘሩ። አፈሩ ደከመ፣ ተባይ በላው። ከዚያ ወደሚያውቁት ተመለሱ፤ ወደ ላም። የዚህ ወረዳ ስም ግሪን ካውንቲ ነው፤ በፎርማጆ የታወቀ። ዊስኮንሲን ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎርማጆ መሥራት አይቻልም፤ እንደ ሐኪም ፈቃድ አውጥተው ነው የሚሠሩት። ጎረቤት ከተማ ሞንሮ አጠገብ ሊምበርገር የሚባለውን የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ በመላ አሜሪካ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። የመንደሩ ሽማግሌዎች በጥቁር ዳቦ ላይ ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ይበሉታል። ልጆቻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ። እኔ አልሸሸሁም። የእናቴ በሳል ቅቤ ከዚህ የባሰ ይሸታል፣ ያለ እሱ ግን ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ አይሆንም።

እርሻው ግን እየሳሳ ነው። በ2004 በዊስኮንሲን ከ15 ሺህ በላይ የወተት ላም እርሻዎች ነበሩ። አሁን ከ6 ሺህ በታች ናቸው። ላሞቹ አልጠፉም፤ ጥቂት ትልልቅ እርሻዎች ውስጥ ተሰብስበዋል። ሌሊት የሚያልቡት ደግሞ አብዛኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። ንጋት ላይ ነዳጅ ማደያው ጋ እንገናኛለን፤ እኔም እነሱም ቡና ይዘን፣ ዓይናችን ቀልቶ። በአንገት ሰላምታ እንለያያለን። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው በዚህ ግዛት መንጃ ፈቃድ አያገኝም። መንደሩ የሚኮራበት ፎርማጆ በእነሱ እጅ ያልፋል፣ እነሱ ግን ወደ ሥራ ሲነዱ እንኳ ፈርተው ነው። ይኼ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

እኔንም ሁሉም በደስታ አልተቀበለኝም። ቤት ስፈልግ አንድ አከራይ በስልክ አነጋገሬን ሲሰማ «ተይዟል» አለኝ። ማስታወቂያው ሦስት ሳምንት እዚያው ተለጥፎ ቆየ። በየቀኑ በፊቱ አልፍ ነበር። በሌላ በኩል በመጀመሪያው ክረምት በረዶ ሲከመር ጎረቤቴ ሳልጠይቀው የግቢዬን መውጫ ጠርጎልኝ ሄደ። እስካሁን ይጠርግልኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ አየር ጠባይ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም። ፋሲካ ሲሆን ድፎ ዳቦ እወስድለታለሁ።

ወደ ልጄ ልመለስ። ግን በፊት ስለ እማማ ልናገር።

የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ከምንከባከባቸው አንዷ ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸው። እኔ በልቤ «እማማ» እላቸዋለሁ። አንድ ሌሊት ከአፌ አምልጦኝ ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ስጠራቸው ደስ አይላቸውም።

እማማ ብዙ ነገር ረስተዋል። የልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ። ግን ሌሊት መታጠቢያ ቤት ስወስዳቸው፣ መደገፊያ ዎከራቸውን ይዘው፣ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ። በእንግሊዝኛ አይደለም። «አይስ፣ ጽቫይ፣ ድሩ...» ይላሉ። የግላሩሶች ጀርመንኛ ነው። በልጅነታቸው ቤት ውስጥ የሚነገረው እሱ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገቡ እንግሊዝኛ እንደማይችሉና ልጆች እንደሳቁባቸው ነግረውኛል። ስለዚህ የራሳቸውን ልጆች ሲያሳድጉ ያን ቋንቋ አላወሩላቸውም። «እንዳይቸገሩብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ልጆቻቸው በበዓል ቀን የስዊዝ ልብስ ይለብሳሉ። ባንዲራውን ይሰቅላሉ። እናታቸው ሌሊት ምን እንደምትቆጥር ግን አይሰሙም።

እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ አስተማሪዋ እንግሊዝኛው ወደኋላ ቀርቷል ስትለኝ ደነገጥኩ። ቤት ውስጥ አማርኛውን ቀነስኩ። ትንሽ እስኪጠነክር ብዬ ነበር። ሥራ በዛ፣ ድካም መጣ፣ «ትንሽ» ዓመታት ሆነች። ለጥምቀት ነጭ ልብሱን ይለብሳል። እንጀራ ይወዳል። ሆያ ሆዬን እስከ ግማሽ ያውቃል። ሳስበው፣ ለእማማ ልጆች የቀረላቸው ልክ ይኸው ነው። ልብስ፣ ምግብ፣ የግማሽ ዘፈን። ይኼ ለእኔ አይበቃኝም። ሳረጅ በምን ቋንቋ እንደምቆጥር አውቃለሁ። የሚሰማኝ ልጅ እፈልጋለሁ።

እዚህ ላይ ጽሑፌን አቋርጬ ነበር። ልጄ ተነሣ። እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚያ ከቀኑ አሥር ሰዓት። መንዝ ያለችው እናቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠሁት። «ለእማሆይ እረኛ መሆንህን ንገራት» አልኩት። አፈረ። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«እማሆይ፣ እኔ... እረኛ ነኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! የምን እረኛ?»

«ፍየል።»

«ፍየል? በግ የላቸውም እንዴ እዚያ?»

ወደ እኔ ዞረ። ያልገባው መሰለኝ ነበር፤ ገብቶታል። «የለም» አላት።

«ይሁን። ፍየልም ደግ ነው። ስንት ናቸው? እረኛ ከብቱን ቆጥሮ ነው የሚያስገባ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጣቶቹን ዘረጋ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» እያለ ሄደ። ሰባት ላይ ቆመ። አየኝ። አፌ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ያዝኳት። እናቴም በዚያ በኩል ትንፋሽዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«ስምንት» አለ።