ገመዱ የሚመረጠው ከምሰሶው ጫፍ ነው

በባለ ሸራ ጀልባ ላይ ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚሰቅለው ገመድ ሃሊያርድ ይባላል። ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጠንካራው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከአንድ ሐምሌ ወዲህ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን ፑሊ ሳላይ ለማንም ገመድ አልቆርጥም።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ፣ የጀልባ ምሰሶና ገመድ በሚጠገንበት ወርክሾፕ ነው። እዚህ የራሱ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው አበሻ እምብዛም አይገጥመኝም። አንድ ጋሼ ግን አሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ ሲወጡ በ1980ዎቹ የተሠራች 30 ጫማ ያህል ጀልባ ገዙ። በዚያ ሐምሌ አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ደውለው «የኔ ልጅ፣ ሸራው አልወርድ ብሎኝ ከልጆቼ ጋር ልናልቅ ነበር» አሉኝ።

ጀልባችንን የምንነዳበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ አይታመንም። ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ነጎድጓድ የያዘ ንፋስ ይመጣል። ያኔ ከሁሉ በፊት ትልቁ ሸራ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ንፋሱ ጀልባዋን በጎኗ ያስተኛታል። የጋሼ ሸራ ግማሽ ድረስ ወርዶ ተሰነገ። ደግነቱ ሳይደናገጡ ሞተሩን አስነስተው፣ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዙረው፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ ያዙ። ሰው አልተጎዳም፤ ሸራው ግን ተቀደደ።

በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ በሌላኛው ገመድ ምሰሶው ላይ ሰቀለኝ። ፑሊው ጋ ስደርስ ነገሩ ግልጽ ነበር። የገመዱ የውጭ ሽፋን ተበጥሶ እንደ ካልሲ ተሰብስቧል፤ የተሰበሰበው ቋጠሮ ደግሞ በፑሊውና ፑሊው በሚቀመጥበት ቤት መካከል ተቀርቅሯል። ጀልባዋ ስትሠራ ሃሊያርዷ የሽቦ ገመድ ነበር። ለሽቦ የተሠራ ፑሊ ገመዱ የሚያርፍበት ቦዩ ጠባብና ሹል ነው፤ ሽቦው ለዓመታት ሲመላለስበት ደግሞ ጠርዙን አሹሎታል። ከወራት በፊት አንድ ሌላ ወርክሾፕ ሽቦውን አውጥቶ በገመድ ሲተካ ፑሊውን እንዳለ ትቶት ነበር። ውድ ገመድ ነው የገባው፣ ውስጡ ዳይኒማ የሚባል እጅግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር። ጥራቱ ግን በዚያ ጠርዝ ላይ ምንም አልፈየደም።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው ከዚያ የባሰ ጠንካራ ፈልግልኝ፤ መልሕቄ የታሰረበት ናይለን እንኳ ስንት ማዕበል ችሏል» አሉ።

«ጋሼ፣ ናይለን ለመልሕቅ የሚሆነው ስለሚለጠጥ ነው» አልኳቸው። «ጀልባዋ ስትናጥ ድንገተኛውን ጉተታ ይውጥልዎታል። ሸራ ላይ ግን ያ ባሕርይ ጠላት ነው። ንፋስ ሲጠነክር ገመዱ ተለጥጦ ሸራው ይረግባል፣ ሆዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጀልባዋ ይበልጥ ታጋድላለች።» ጥንካሬማ ከበቂ በላይ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ጥሩ ፖሊስተር ከ2 ቶን በላይ ካልተጫነው አይበጠስም። በዚህ ልክ ባለች ጀልባ ላይ ጥያቄው ምን ያህል ይለጠጣል፣ በምን ላይ ይታጠፋል የሚለው ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን መጀመሪያ ያስወጣኋቸው ለአዲስ ፑሊዎች ነው፤ ቦያቸው ሰፊና ክብ፣ ከቤታቸው ጋር ክፍተት የማይተዉ። ለትልቁ ሸራ ፖሊስተር መረጥን። ከቤተሰብ ጋር ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው፣ በየመውጫው ለሚሰቀልና ለሚወርድ ሸራ፣ ይበቃል፤ ሲረግብም ገመድ በሚጠመጠምበት ዊንች ትንሽ መሳብ ነው። የፊተኛው ሸራ ግን በብረት ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ በጋውን ሙሉ ተሰቅሎ ይቆያል። ለሱ ውስጡ ዳይኒማ፣ ውጩ ፖሊስተር የሆነውን ሰጠኋቸው። ሽፋኑ የግድ ነው፤ ዳይኒማ ብቻውን ያሟልጫል፣ ገመዱን ቆልፎ የሚይዘው መያዣ አይጨብጠውም፣ ደግሞም 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቀልጣልና የፍጭት ሙቀት አይወድም። ሳይፈታ ለረጅም ጊዜ ሲጫንም ቀስ በቀስ በቋሚነት ይረዝማል። ስለዚህ ተራውን ዳይኒማ ትቼ ይህ መርዘም የተቀነሰበትን ኤስኬ78 የተባለውን አዘዝኩ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለዚህ ቦታ ግን አልሳሳም።

አሮጌውን ገመድ ከምሰሶው ውስጥ ከመጎተታችን በፊት ጫፉ ላይ ቀጭን ሲባጎ ሰፋንበት፤ አለዚያ አዲሱን መልሶ ማሳለፍ የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። አዲሶቹንም ከሚያስፈልገው 2 ሜትር አስረዝሜ ቆረጥኳቸው። ሸራው ሲሰቀል ፑሊው ላይ የሚያርፈው ሁልጊዜ ያው አንድ ቦታ ስለሆነ የሚያልቀውም እሱ ነው። በየጸደዩ ከሸራው በኩል ትንሽ ቆርጬ፣ ጫፉን እንደገና በራሱ ውስጥ ሸርቤ ስመልሰው፣ ያ ቦታ ከፑሊው ይርቃል።