ዲቪዲ በኮምፒውተር ላይ አልከፍት ሲል

ዲቪዲ ኮምፒውተር ውስጥ ከተን ድራይቩ ሲዞር እየተሰማ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ሳይመጣ ሲቀር፣ አብዛኛው ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ወይም ድራይቩ ሞቷል ብሎ ይደመድማል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ሶፍትዌሩ ነው እላለሁ። የዲቪዲ ፊልም ኤምፔግ 2 በሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ተጨምቆ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ይህን የሚፈታ ሶፍትዌር (ኮዴክ) የሌለው ኮምፒውተር ፎልደሩን ከፍቶ ፋይሎቹን ቢያሳይ እንኳ ሊያጫውታቸው አይችልም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ዲቪዲ አያጫውትም፤ በቀድሞው ኮምፒውተር ያለ ችግር ይታይ የነበረ ዲስክ በአዲሱ እምቢ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው ያለ ክፍያ የሚገኘው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ቪኤልሲ (VLC) ነው፤ የሚያስፈልገውን ኮዴክ ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያሻም። ኮንትሮልን (Ctrl) ይዞ የዲ (D) ፊደልን ሲጫኑ ዲስክ መክፈቻው ይመጣል፤ ፊልሙ ማውጫው ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ እዚያው «ኖ ዲስክ ሜኑስ» የሚለውን ምልክት አድርጎ እንደገና ማስጀመር ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ምስሉ ላይ አግድም መስመሮች ከታዩ ደግሞ ቪዲዮ ከሚለው ሜኑ ውስጥ ዲኢንተርሌስን ማብራት ይበቃል።

አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው ግን ስለ ክልል ቁጥር ነው። ፊልም አከፋፋዮች ዓለምን በክልል ከፋፍለው፣ ለምሳሌ ለአሜሪካ 1፣ ለአውሮፓ 2 የሚል ቁጥር በዲስኩ ላይ ያሰፍራሉ፤ ድራይቩም የራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ አንዳንድ ማጫወቻ የድራይቩ ክልል ይቀየር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚውም ፊልሙን ለማየት ካለው ጉጉት የተነሳ ሳያነብ ይስማማል። ይህ መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ቆጠራው የሚመዘገበው በዊንዶውስ ሳይሆን በድራይቩ ውስጥ ስለሆነ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ አይመልሰውም፤ ከአምስተኛው በኋላ ድራይቩ በመጨረሻው ክልል ላይ ይቆለፋል። ስንት ዕድል እንደቀረ በዲቫይስ ማናጀር የድራይቩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይታያል፤ ከመስማማት በፊት ይህን ማየት፣ ከዚያም አስቀድሞ በቪኤልሲ መሞከር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ክልሉ ሳይነካ ያጫውታልና።

ከዲቪዲ በኋላ የመጣው የዲስክ ዓይነት ብሉሬይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የራሱ ድራይቭ ከመፈለጉም በላይ ቅጂን የሚከላከለው መቆለፊያው የጠነከረ በመሆኑ ቪኤልሲ ብቻውን አብዛኞቹን የፊልም ዲስኮች አይከፍታቸውም።